አማቴን ያላየሁበት ቴሌቪዥን

የሚስቴ እናት ስለ እኔ ለቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ተናግረዋል። ይህን የነገረችኝ ሚስቴ ናት። ምን እንዳሉ ግን አልነገረችኝም። «እሑድ ሲተላለፍ ትሰማዋለህ» ብላ ሣቀች፤ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ስታወጣ፣ ልብስ ስታጣጥፍ፣ ፊቴን ባየች ቁጥር ትሥቃለች። ሰው በገዛ ቤቱ መሣቂያ ሆኖ ራት መብላት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

«መልካም ነው ያሉት ክፉ?» እላታለሁ።

«እውነት ነው» ትለኛለች።

እውነት ከሆነማ አበቃልኝ አልኩ በልቤ።

ነገሩ ይህን ያህል ያስጨነቀኝ እኔና አማቴ ተያይተን ስለማናውቅ ነው። ቀልድ አይደለም። እኔ ከደብረ ታቦር ደጋ ወርጄ ወረታ ከተማ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የሚስቴ ወላጆች ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። በነሱ ቤት የቆየ ወግ አለ፤ ልጅ ያገባ ሰው የሚስቱን እናት ፊት አያይም፣ ከሳቸውም ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። ከተማው ውስጥ ይህ ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ አማትና አማች አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ድራማ ያያሉ። የኔዋ አማት ግን የያዙትን የማይለቁ ሰው ናቸው። እኔ ደጃፍ ደርሼ ሳስል እሳቸው ጓዳ ይገባሉ። ጓዳው ከራቃቸው ነጠላቸውን ከራሳቸው እስከ አገጫቸው ይለቁትና እንደ ተሸፈነ መሶብ ቁጭ ይላሉ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ። የቤታቸውን መሬት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ወጉ ለዘላለም አይደለም። አማቲቱ ደስ ባላቸው ቀን «በቃ፣ እንተያይ» ይላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ያልቃል። ለሌላው ሰው ባመቱ ያልቃል። የኔ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሚስቴ «እማየ እንደዚያ ናት፣ አትቸኩልም» ትላለች፤ እኔ ግን ሌላ ትርጉም ሰጥቼዋለሁ፤ አልወደዱኝም። ለልጃቸው ያሰቡላት ጥማድ በሬና ሰፊ መሬት ያለው ጎረቤት እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ ያለኝ ጠመኔ ነው። ሰው እንዳልወደደህ በፊቱ ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ የማነበው ፊት እንኳ የለኝም። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። እሑድ ግን ቁርጤን ላውቅ ነው፤ ያውም በአገር ፊት።

ጋዜጠኞቹ የመጡት ኅዳር ላይ ሩዝ ሲታጨድ ነው። ሩዝ ስለሚያመርቱ ሴቶች ፕሮግራም ይሠሩ ኖሮ አማቴን አውድማ ላይ አገኟቸው። አማቴም እንደ ዋዛ ተናገሩና ሲሄዱላቸው ብቻ ነው የደነገጡት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመኙት፤ ራሳቸውን ማየት። «ፊቴን ከመስተዋት ሌላ አይቸው አላውቅም፤ ስናገር ምን እንደምመስል ሳላውቅ ልሙት?» ብለዋል አሉ። ኢንተርኔት በዚያ ሰሞን በኛ በኩል ስላልነበረ በስልክ ማየት አይታሰብም። የቀረው የሽማግሌው ቴሌቪዥን ነው።

ሽማግሌው ያልኳቸው የሚስቴ አባት ናቸው። ቴሌቪዥኑን የገዙት ድሮ፣ ወረታ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ሲዘጋ፣ አንድ የፎገራ ወይፈን ሸጠው ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ እንደ ከብት ይንከባከቡታል። ጥቁርና ነጭ ነው። ሆዱ ወደ ኋላ የወጣ፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ጥልፍ ጨርቅ የሚለብስ ባለ ክብር ነው። ልጆቻቸው አዲስ እንግዛልዎ ቢሏቸው እምቢ አሉ። «ይኸ የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሆድ የለው። ሆድ የሌለው ነገር ምን ይይዛል?» ይላሉ። መብራት ሲገባ ጣሪያው ላይ ዲሽ ተተከለ፣ ሪሲቨር መጣ፤ ሽማግሌው ግን አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አጋቡት። ጣቢያ የሚመርጠው ሪሲቨሩ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ማዞሪያ ደግሞ ሪሲቨሩን የሚያገኝበት አንድ ነጥብ ብቻ አለው። ከዚያች ነጥብ ፀጉር ታህል ፈቀቅ ካለ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ማዞሪያውም በደህና ጊዜ ተሰብሯል። የቀረው በሣጥኑ ጎን ብቅ ያለ ቀጭን ብረት ነው፤ በፒንሳ ተይዞ ይዞራል፣ ሲለቁት ደግሞ በራሱ ይመለሳል። ሽማግሌው ለዚህ መላ ዘይደው ነበር። ነጥቧን ያገኙ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ጧፍ አቅልጠው ብረቱን በሰም አሸጉት። ሰሙ በዓመታት ብዛት ጠቆረ፣ አቧራ ጠጣ፣ ድንጋይ ሆነ። ቴሌቪዥኑም በሰላም ኖረ፤ እስከዚያች እሑድ ድረስ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረስኩ። አሳልኩ። የጓዳው መጋረጃ ተወዛወዘና ረጋ። ሚስቴ ጎረቤት ልትጠራ ወጣች። ቤቱ ተጠርጎ፣ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎ፣ ጠላው ተጣርቶ አበባ መስሏል። ሽማግሌው ጥልፉን እንደ ታቦት መጋረጃ ቀስ ብለው ገለጡና አበሩት። ሽሽሽሽ። የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ የጤፍ አውድማ የሚመስል ነገር ይንቀለቀላል፤ ሰው የለ፣ ድምፅ የለ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጎኑ ሰደዱ፣ ዳሰሱ፣ ደግመው ዳሰሱ።

«ሰሙ የት አለ? ሰሙን ማን ነካብኝ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ። «ቆሻሻ መስሎኝ ነው። እንግዳ ይመጣል ብየ ፈገፈግሁት።»

«በምን?»

«በአመድ።»

«ቴሌቪዥን በአመድ?»

«ታዲያ ድስቱስ በምን ይፈገፈጋል?»

ሽማግሌው መደቡ ላይ ተቀመጡና ራሳቸውን ያዙ። አማቴ ራሳቸውን ለማየት የነበራቸው ይህ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ያን ቀን በገዛ እጃቸው ፈግፍገው አጠፉት። ከመጋረጃው ጀርባ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ ሰማሁ። ያ ከሽማግሌው ጩኸት ይልቅ አንጀቴን በላው። ሰዓቱ ደግሞ እየቀረበ ነው።

«አንተ አለህ አይደል?» አሉኝ ሽማግሌው ድንገት ቀና ብለው። «አስተማሪ አይደለህ?»

«የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ አባባ።»

«እኮ! አሮጌ ነገር አይደል የምታስተምረው? ይኸውልህ አሮጌ!»

ፒንሳውን አንሥቼ በሣጥኑ ጎን ተንበረከክሁ። እዚያ ላይ ነው ችግሩ የገባኝ። ብረቱ በጎን ነው፤ እሱን የሚያዞር ሰው የዝይ አንገት ካልኖረው በቀር መስኮቱን አያይም። ስለዚህ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ያዞራል፣ አንዱ አይቶ ይናገራል። የሽማግሌው ዐይን ደክሟል፤ ምስሉ ቢመጣም ባይመጣም ለሳቸው ያው ጭጋግ ነው። ቤቱ ውስጥ ዐይኑ የሰላ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም በመጋረጃው ቀዳዳ እያየ እኔን ማናገር የማይችል ሰው ነው።

ደግነቱ ድመት ነበረች። መሀል ወለሉ ላይ ተጋድማለች።

«አንች ድመት» አሉ አማቴ ከውስጥ። «ትንሽ ወደ ላይ ያዙረው በይው።»

አዞርሁ።

«ኧረ አለፈ! አለፈ! ምነው እንደ ወፍጮ ይሾረዋል? ቀስ በይው!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ በጣም ቀስ አልሁ። ግን እኔም በተራዬ መጠየቅ አለብኝ፤ አማቴን መጠየቅ አልችልም፤ ድመቷን ደግሞ አንች ብላት መልእክቱ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ እያወቅሁ ነውር ሆነብኝ። «አሁንስ? ይታይዎታል?» አልኋት ድመቷን። በሕይወቷ አንቱ ተብላ የማታውቅ ድመት ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰው መጥቷል በይው። ግን ሰውየው ሁለት ነው።»

«እሺ፤ አሁንስ ይመልከቱልኝ?»

«አንድ ሆነ! አንድ ሆነ! ውይ፣ አንገቱ ወደ ጎንደር ሄደ፣ እግሩ ባሕር ዳር ቀረ። መልሰው በይው!»

እንዲህ እየተባባልን ብዙ ቆየን። ላቤ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ግን አንድ ነገር አልሸሽግም፤ ደስ ብሎኛል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአማቴ ጋር ይህን ያህል ተነጋግረን አናውቅም። ድምፃቸው እንዲህ ቁጡና ፈጣን መሆኑን፣ ሲሳካላቸው እንደ ልጅ እንደሚጮኹ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በመጨረሻ «ጠራ! እንደ ውኃ ጠራ! እንዳይነካው በይው!» አሉ። ድምፁም ቦግ ብሎ መጣ።

ሽማግሌው ሮጠው ጧፍ አምጥተው ለኮሱና ሊያሽጉት ጎንበስ አሉ። ዐይናቸው ደክሟል ብያለሁ። የመጀመሪያው ጠብታ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ፣ ሁለተኛውም እዚያው። ሦስተኛው ብረቱን አገኘ፤ ግን ቴሌቪዥኑ ግሎ ስለነበር ሰሙ መርጋቱን ትቶ ወደ ታች ወረደ። ፒንሳውን ስለቅ ምስሉ ይሄዳል። ሽማግሌው ተቀብለው ሲይዙት እጃቸው ይንቀጠቀጥና ሰውየው እንደገና ሁለት ይሆናል። ጎረቤትም ሞከረ፣ አልሆነም። እኔ ስይዘው ብቻ ይረጋል። ቴሌቪዥኑ ተቀብሎኛል፤ የቀሩት አማቴ ናቸው።

በዚህ መሀል ቤቱ ሞልቷል። ሚስቴ ጎረቤቱን ሁሉ አምጥታለች፤ የቤተሰቡ የንስሐ አባትም መደቡ ላይ ከፍ ብለው ተቀምጠው ጠላቸውን ይዘዋል። አንድ ጥያቄ ተነሣ። አማቴ ከጓዳ ወጥተው መሀል ተቀምጠው ራሳቸውን ማየት ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ልለይ አልችልም። እንግዲህ ምን ይሁን?

«እኔ እንኳ ብትፈቅዱልኝ» አልሁ እንደ ምንም ብዬ፣ «አንገቴን ትንሽ አስግጌ በመስኮቱ ባያቸው ምን አለበት? እሱ ምስል እንጂ ሰው አይደለም።»

ልቤ ምን ያህል እንደፈለገው ሁሉም ሳይገባው አልቀረም። ሰው ሁሉ ወደ አባ ዞረ። አባ ጢማቸውን አሻሹ።

«ስለ ቴሌቪዥን የተጻፈ ቀኖና አላየሁም» አሉ። «የፊቱ ባለቤት ይናገሩ።»

«አያየኝም!» አለ መጋረጃው።

ተፈረደ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ፤ እጄን ወደ ጎን ዘርግቼ ፒንሳውን ያዝሁ። ጭቃው ግድግዳ ከአፍንጫዬ አንድ ጣት አይርቅም። ከኋላዬ መጋረጃው ሲገለጥ፣ እግራቸው ሲራመድ፣ በርጩማ ሲንኳኳ ሰማሁ። አልወደዱኝም ያልሁት ያለ ነገር አይደለም አልሁ። አገር በሙሉ፣ ከሞያሌ እስከ መተማ፣ የአማቴን ፊት ሊያይ ነው፤ እኔ ብቻ ግድግዳ አያለሁ።

ሙዚቃው መጣ። ስለ ፎገራ ሜዳ ተነገረ። ከዚያ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

«ውይ!» አሉ አማቴ። «ውይ! እኔ ነኝ? እንዴት አርጅቻለሁ!»

«ዝም በሉ እንስማዎ!» አለ ጎረቤት።

«ነጠላየ ተጣሟል! እዩት ተጣሞ! አንች ልጅ፣ አጠገቤ ቆመሽ ምነው አትነግሪኝ?» አሉ ሚስቴን። በቴሌቪዥን ያሉት አማቴ ስለ ውኃና ስለ አረም በእርጋታ ያስረዳሉ፤ በርጩማው ላይ ያሉት አማቴ ደግሞ ይከራከሯቸዋል። «እንዲያ አላልሁም! ብያለሁ እንዴ? አዎ ብያለሁ።» ቀስ በቀስ ዝም አሉ። ደስታቸው እስከ ግድግዳው ድረስ ይሰማኛል። ክንዴ ዝሏል፤ አውራ ጣቴ ላይ ሰሙ ደርቆ ይቆጠቁጠኛል፤ ግን በዚያች ሰዓት ፒንሳውን ልቀቅ ቢሉኝ አልለቅም ነበር።

ጋዜጠኛዋ ጠየቀች። «እርሻውን ማን ያግዝዎታል?»

ሚስቴ ከኋላዬ ሣቀች። መጣ አልሁ።

«ኧረ አማቼ አለ» አሉ አማቴ በቴሌቪዥን። «እሱማ...»

ልቤ ዘለለ። ልቤ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እጄም ዘለለ። ሽሽሽሽሽ።

እንዲያ ያለ ጩኸት በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። «መልሰው! መልሰው!» ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። ነጥቧን ካገኘኋት በኋላ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ስለ ቀይ ሽንኩርት ዋጋ ይናገራል። አማቴ አልፈዋል።

አባ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «የታሪክ አስተማሪ!» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፤ ሌላ ስድብ አላስፈለጋቸውም። እኔ ያፈርሁት ግን ከሳቸው አይደለም። ያችን አሮጊት አሰብሁ። ዕድሜ ልካቸውን አንዴ ራሳቸውን ሊያዩ ተቀምጠው እኔ እንደ ጧፍ እፍ አልሁባቸው፤ ለምን? ስለ እኔ ምን እንዳሉ ለመስማት። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ የሚያየኝ ግድግዳው ብቻ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አልሁ። ድመቷን አላናገርሁም።

በርጩማው ተንኳኳ።

«ዙር» አሉኝ።

«እማማ፣ መጀመሪያ ይሸፈኑ።»

«ዙር አልሁህ እኮ! ለማላውቀው አገር ያልሁትን ላንተ አልልም?»

ዐይኔን ጨፍኜ ዞርሁ። «ግለጥ፣ ልጄ፤ ባለቤቲቱ ፈቅደዋል» አሉ አባ።

ገለጥሁ። አንዲት አጭር ሴትዮ ቆመዋል። ሚስቴ ስትቆጣ የምታመጣው አገጭ ያለው እዚያ ነው፤ ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ግማሹን ፊታቸውን ቤቴ ውስጥ አይቸዋለሁ። ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አቃኑ፤ ያሁኑ እንዳይጣመም መሰለኝ። ከዚያ ጋዜጠኛዋ ፊታቸው የቆመች ይመስል ደረታቸውን ነፍተው ተናገሩ።

«አማቼ አለ። እሱማ እርሻ አይችልም። እርፍ ሲይዝ በሬዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ግን ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ይኸ ሜዳ ባሕር ሲሆን የወለድኋቸው ወንዶች በስልክ ‹እንዴት ናችሁ› ይሉኛል፤ እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን ባንገቱ አንጠልጥሎ ይመጣል። መጥቶም ምንም አይሠራ። ይመጣል።»

ቤቱ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። ዐይናቸውን እያየሁ ነበር፤ አልከለከሉኝም።

«ታዲያ እማማ» አልሁ፣ «እንዲህ ካሰቡ ምነው ይህን ሁሉ ዘመን ሸሹኝ? የጠሉኝ መስሎኝ ነበር እኮ።»

እሳቸው አሁን ካሜራውን ረሱት፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከትልቋ ልጄ ባል ጋር ባመቱ ተያየን። እስከዚያ ድረስ ‹መቼ ነው የሚያዩኝ› እያለ በየበዓሉ ይመጣ ነበር። ካየሁት ወዲያ ግን ያው ነው፤ ነገሩ አለቀለት፣ መንገዱን ረሳው። አንተም ፊቴን ካየህ ትቀራለህ ብየ ፈርቼ ነው።»

ፒንሳውን መደቡ ላይ አስቀመጥሁ።

«እመጣለሁ» አልኋቸው።